በሁዳዴ የሸተተኝ እንቁላል

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እዚህ ቢቸና፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ልጄ ሠናይት ከወጥ ቤት ሆና፣ «እማዬ፣ የተበላሸ እንቁላል አስቀምጠሻል እንዴ? ቤቱ ሸተተ እኮ!» ስትል ሰማሁ። ሰፌዱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ከወንበር ለመነሳት እንኳ ጉልበቴን የማባብል ሴት ዘልዬ ገባሁ። ጣቷ የመብራቱ ማብሪያ ላይ ሊያርፍ ሲል እጇን ያዝኩት።

«እንዳትነኪው! መብራትም፣ ክብሪትም፣ ምንም!» አልኳት።

በሩንና መስኮቶቹን ወለል አድርገን ከፈትን። የሲሊንደሩን መዝጊያ አዙሬ ዘጋሁና ሕፃን ልጇን አቅፈን ከግቢው ወጣን። ስልኳን ልታወጣ ስትል እንኳ መንገዱን እስክንሻገር አላስነካኋትም። ምድጃውን የገጠመው ወጣት መጣና፣ ሽታው ከቤቱ ጨርሶ እስኪወጣ ከጠበቀ በኋላ ቱቦውን በሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው ቱቦው ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ብቅብቅ አለ። ቀዳዳው እዚያ ነበር። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀና፣ «እማማ፣ ጎበዝ ነዎት፤ ማን አስተማረዎት?» አለኝ። ሠናይትም ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ አሞገሰችኝ።

«አንዲት ጎረቤት ናት ያስተማረችኝ» አልኩ። ትምህርቱ እንዴት እንደተገኘ ለልጄም ተናግሬ አላውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ሞጣ ተመደብኩ። ሞጣ ለቢቸና ልጅ ያን ያህል ሩቅ አገር አይደለም፤ ዛሬ ቢሆን ጠዋት ተነስቶ ለምሳ መድረስ ነው። ያኔ ግን በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አቧራ ስጠጣ ውዬ ስደርስ፣ እናቴ እንኳ ብታየኝ የምትለየኝ አልመሰለኝም። አንዲት ክፍል የተከራየሁት እትዬ ጥሩወርቅ ከሚባሉ ባለቤታቸው ከሞቱባቸው ሴት ግቢ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ነበሩ። ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም።

ጭስ ዓይናቸውን ስለጎዳው አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው የሲሊንደር ምድጃ ላከላቸው። በሰፈሩ የመጀመሪያው ነበር። ሴቶቹ ተጠራርተው ሰማያዊውን እሳት አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሲወጡ ደግሞ፣ «እንጨት ጠፍቶ ነው? ጥጋብ ነው እንጂ!» ተባባሉ። እኔም በልቤ እንደነሱ ሳልል አልቀረሁም፤ ሽሮዬን የማበስለው ደጅ ላይ በከሰል፣ ከንፋስ ጋር እየታገልኩ ነበርና።

የጾሙ እኩሌታ ሲያልፍ፣ አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእትዬ ጥሩወርቅ መስኮት በኩል ሽታ መጣብኝ። የጾመ ሰው አፍንጫ ለጉድ ነው። የጎረቤት ስልጆ ስንት ቀን እንደሆነው ይለያል። እንቁላል ነው አልኩ፣ ያውም ቆየት ያለ እንቁላል። ዓርብም ሸተተኝ። በሩን አንኳኩቶ፣ «እትዬ፣ ምን ሸተተኝ?» ማለት ነበር የሚገባኝ። ግን በሁዳዴ የሰው ድስት መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ይህ እንግዲህ ለራሴ የነገርኩት ሰበብ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኚያ በጾም የማይቀልዱ ሴት በር ዘግተው እንቁላል ሲበሉ መያዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዝም ብል እንኳ ደግ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር አብሬ ሄድኩ። ሁሉም የማርያም ማኅበርተኞች ናቸው። ዋናዋ እማሆይ አስካለ ናቸው፤ እሳቸው ሳይናገሩ በዚያ ሰፈር ጠበል ጠዲቅ እንኳ አይቀመስም። ሞጣ ከገባሁ ስምንት ወር ቢሆነኝም፣ ከእነዚህ ሴቶች አንዷም ቤቷ ጠርታኝ አታውቅም። ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላገኘሁም። እንዲስቁልኝ ፈለግሁ።

«የእትዬ ጥሩወርቅ ዶሮ ጾም አታውቅም መሰለኝ» አልኩ። «ከቤታቸው የእንቁላል ሽታ ይኸው ሦስት ቀኑ።»

ሦስት ቀን አልነበረም፤ ሁለት ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እማሆይ አስካለ ብቻ አልሳቁም። ቆም አሉና፣ «አንቺው በአፍንጫሽ አሽትተሽ ነው?» አሉኝ።

«በአፍንጫዬ ነው እማሆይ።»

«ማርያምን?»

«ማርያምን።»

የዚያን ዕለት ከሴቶቹ አንዷ ክንዴን ይዛ ቤቷ አስገባችኝና የሱፍ ፍትፍት አበላችኝ። እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ሁለት ጊዜ ተጨምሮልኝ በላሁ።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደጅ ላይ ከሰሌን አቀጣጥዬ ሽሮዬን ልጥድ ስል፣ የእትዬ ጥሩወርቅ መስኮት ተዘግቶ አየሁ። ሁልጊዜ የሚከፈት መስኮት ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የመጋቢት ንፋስ አቧራውን ያዞረዋል። በዚህ መሀል እትዬ ዘሀራ ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ባላቸው ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ከልጅነት ጀምሮ የሚዋደዱ እስላም ጎረቤታችን ናቸው። እንደሳቸው ሲሊንደር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አዲስ አበባ እህታቸው ዘንድ ለዓመታት ሲያበስሉበት ኖረዋል። የቤቱ በር አጠገብ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይሄ ሽታ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

እኔም እየሳቅሁ፣ «እትዬ ዘንድሮ ጾሙን ቀለል አድርገውታል» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ትያለሽ አንቺ ልጅ! ጋዝ ነው! ውሃ ድፊበት እሳትሽ ላይ! ቶሎ!»

የሽሮውን ውሃ እንዳለ ከሰሉ ላይ ደፋሁት። ቆጣሪው ውጭ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ አጥሩ በር ላይ ነበር። «መብራቱ ድንገት እንዳይመጣብን፣ ሂጂ ቆጣሪውን አጥፊ! ማንም ክብሪት ይዞ እንዳይገባ!» አሉኝ። ሮጬ ስመለስ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ከፍተው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው ገብተዋል። ተከትያቸው ገባሁ። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። እትዬ ጥሩወርቅ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። እትዬ ዘሀራ፣ «ጥሩዬ! ጥሩዬ ተነሽ!» እያሉ ቢጠሯቸው የሰከረ ሰው ይመስል እያጉተመተሙ እጃቸውን ወደ ትራሳቸው ሰደዱ። ሻማና ክብሪት ነበር የሚፈልጉት። ክብሪቱን ከእጃቸው የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ሁለታችን ብብትና ብብታቸውን ይዘን ጎትተን አወጣናቸው። እትዬ ዘሀራ ተመልሰው ገቡና ሲሊንደሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ከፈቱ። የግቢውን ሰው ሁሉ መንገድ ዳር አስወጥተው፣ ንፋሱ ቤቱን ሲያጥበው ቆየን። «ይሄ ጋዝ መሬት ለመሬት ነው የሚተኛ። ዝቅ ያለ ሰው ነው ቀድሞ የሚያገኘው» አሉኝ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ ጥሩወርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ እንደ መንቃት አሉ። «ጥሩዬ፣ እንዴት አልሸተተሽም?» አሏቸው እትዬ ዘሀራ።

«ከጉንፋኑ ወዲህ አፍንጫዬ አይሠራም» አሉ። «ከቤቷ እንቁላል ይሸታል ብለው እንደሚያሙኝ እሑድ ማታ ሰማሁ። አይጥም ሞታ እንደሆነ ብዬ ቤቱን ሁሉ ፈተሽኩ። ቢቸግረኝ፣ ምንም ይሁን ምን እንዳይወጣ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁና ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቅሁት።»

ሐሜቱ የወጣው ከእኔ አፍ ነበር። መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ። ጨርቁን አንድ በአንድ የጠቀጠቅሁት እኔ ነበርኩ። እትዬ ዘሀራ ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር በቃልም በዓይንም አንስተውብኝ አያውቁም። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ እጄን ስበው ሳሙት። «ነፍሴን ያተረፍሽ ልጄ» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ።

ሽታው ጋዝ መሆኑ ከታወቀ ስማቸው ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም። ሴቶቹ፣ «ጋዙ ሰበብ ነው፤ በጾም ብትበላ እግዜር ሊያሳያት ነው» አሉ። እትዬ ዘሀራ ለማስረዳት ሲሞክሩ፣ «እሷ ስለ ጾማችን ምን አግብቷት!» ተባሉ። ማርያምን ብዬ የማልኩት እኔ ነበርኩ፤ መሐላውን ማፍረስ የምችለውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት፣ ዛሬ እማሆይ አስካለ ዘንድ እሄዳለሁ እላለሁ። ሲመሽ ነገ እላለሁ። ከፋሲካ በኋላ እኔን ማኅበሩ ውስጥ አስገቡኝ።

እትዬ ጥሩወርቅም ማኅበርተኛ ነበሩና፣ በግንቦት ማኅበሩን የመደገስ ተራቸው ደረሰ። ትልቅ ዳቦ ደፍተው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ግቢውን ቄጠማ አልብሰው ጠበቁ። ከአሥራ አራቱ ማኅበርተኞች እኔና ጆሯቸው የማይሰማ አንዲት አሮጊት ብቻ መጣን። እማሆይ አስካለ አሞኛል ብለው ላኩ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቶሎ ሄዱ። እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ደጁን እያዩ ሲቀመጡ ሲነሱ ቆዩና በመጨረሻ ለእኔ ከመሀል ቆርሰው ሰጡኝ። «አንቺስ አልቀረሽብኝም» አሉ። በላሁት። ያን ዳቦ እንዴት እንደዋጥኩት እስካሁን ይገርመኛል።

በዓመቱ ወደ ቢቸና ተዛወርኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አስተማርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ለተማሪዎቼ ስለ ጋዝ ሳስተምር የእትዬ ዘሀራን ቃል አንድ ሳላስቀር እደግመው ነበር። የእኔን ቃል ግን አንድም ቀን አላነሳሁትም።

ልጄ ባሞገሰችኝ በሦስተኛው ቀን ተሳፍሬ ሞጣ ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድምፄን ሲሰሙ ገና መመረቅ ጀመሩ። አቋረጥኳቸውና እንቁላል ሸተተኝ ብዬ ያወራሁት እኔ መሆኔን፣ ማርያምን ብዬ መማሌን ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ማን ይሆን እያልኩ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም» አሉ። «ዘሀራን ሳይቀር ጠርጥሬ አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፌያታለሁ። አንቺን ግን አንድ ቀን አልጠረጠርኩም።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «እንቁላል እንዳልበላሁ እኔ አውቃለሁ። ለእማሆይ አስካለ ንገሪያቸው።»

እርጅና አእምሯቸውን የወሰደው መስሎኝ፣ ቀስ ብዬ፣ «እትዬ፣ እማሆይ አስካለ እኮ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ማንም አላስጠጋኝም፤ ብቻዬን ከኋላ ቆሜ ነው የሸኘኋቸው።»