አንሶላው ለፀሐይ ነበር

ከቢዮ አዋሌ ድሬ ዳዋ የሚወስደው ሚኒባስ አሁን በየቀኑ አለ። ረዳቱ እንደ ጆንያ እየጠቀጠቀ ይጭነናል፤ ተሳፋሪው ይነጫነጫል፤ ጎረቤቴ ደግሞ አላህን አመስግኚ ትለኛለች። አመሰግናለሁ። ደረቁን ወንዝ ስንሻገር ግን ዓይኔን እጨፍንና በሆዴ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እላለሁ።

ያኔ መኪና የሚመጣው በገበያ ቀን ብቻ ነበር። እናቴን ወባ የጣላት ገበያ በሌለበት ቀን ነው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞትባችኋለች አለችን። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸከሟት። በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ሥራውን ጥሎ ትከሻውን ይሰጣል፤ እየተቀባበሉ ይሮጣሉ፣ እኔም ውሃ ይዤ ከጎናቸው እሮጣለሁ። ፀሐዩ ሲበረታባት ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ነጭ አንሶላ ከነፊቷ አለበሳት።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ከማዶ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ወደ ከተማ ሲያልፍ አየን። ሾፌሩ እኛን ሲያይ ቆመ። እናቴ ዳነች ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬው ወረደ፣ ወደ እኛ ዞረና መዳፎቹን ዘረጋ። በነጭ ተሸፍና፣ በወንዶች ትከሻ ላይ፣ በጥድፊያ፤ ጀናዛ ወደ መቃብር የምንሸኘውም እንደዚያው ነው። ምን ያድርግ፣ ጨዋ ሰው ነበር።

አጎቴ ክው ብሎ ቀረና "ዱዓ እያደረገላት ነው" አለ።

ሁላችንም ጮኽን፣ እጃችንን አውለበለብን። ልቅሶ ሳይመስለው አልቀረም። ፊቱን በመዳፎቹ አብሶ መኪናው ውስጥ ገባና አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

የእናቴ ድምፅ ከአንሶላው ሥር መጣ።

"ዱዓዬ ተደርጓል። ወደ ቤቴ መልሱኝ።"

አጎቴ ፊቷን ገልጦ ለመናት። ሰውዬው ተሳስቶ ነው፣ አንቺ አለሽ፣ ይኸው እናወራለን አላት። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ዱዓ ሲያደርግ አሜን ሳትል ቀርታ አታውቅም። ከንፈሯን አንቀሳቅሳ አሜን አለች። ውሃ ሰጠኋት፤ ጥርሷን ገጥማ እምቢ አለችኝ። ያን ሾፌር እስከ ዛሬ ልረግመው እፈልጋለሁ፤ ለእናቴ ዱዓ ያደረገን ሰው እንዴት አድርጌ ልርገመው?

አልመለስናትም። ወንዙን ተሻግረን ሮጥን። የከተማው ቤቶች መታየት ሲጀምሩ አጎቴ ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን አዳመጠ። ከዚያ ወንዶቹን አስቆመና ቃሬዛውን ወደ ቤቷ አስዞረ።