ሦስት ጣት

በደርግ ዘመን የሐዋሳ ቀበሌያችን የሐይቅ ዳር ጥበቃ ሲያቋቁም መረብ የምለካው እኔ ሆንኩ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ የመረቡ ዓይን ሦስት ጣት ካላሳለፈ መረቡ ይቀደዳል። የሊቀመንበሩ ጣት ወፍራም ነው ብለው ዓሣ አስጋሪዎቹ ስላጉረመረሙ፣ የአስተማሪ ጣት ይሻላል ተባለ። ጠመኔ ከመያዝ ሌላ ለአገር የጠቀመ ጣት አልነበረኝም።

ሐሳቡን ያመጡት ግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ስብሰባ ላይ ተነሥተው ሲዳምኛ በተቀላቀለበት አማርኛቸው፣ "ጫጩቱን ቆሮሶ ዓሣ ዛሬ ከጨረስን ልጆቻችን ነገ ምን ሊያሰግሩ ነው?" አሉ። ያኔ ለሁሉም ነገር ይጨበጨብ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ከልባችን አጨበጨብን።

ብዙ ሳይቆይ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ጀልባውን የሚቀዝፈው እሱ ነበር። ትልልቁ ዓሣ ያለው መሐል ሐይቅ ነው፤ ሽማግሌው ብቻቸውን እዚያ አይደርሱም፤ ዳር ዳሩን ትንንሹን ማስገር ግድ ሆነባቸው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? እሳቸው አልጮኹም፣ እኛም ዝም አልን። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ጠዋት ጀልባዎቹ በሚያርፉበት አሞራ ገደል መረብ ስንፈትሽ የእሳቸው ተራ ደረሰ። ጀልባቸው ውስጥ ካለው ዓሣ አንዱም መዳፍ አይሞላም። ሁለት ጣት አስገባሁ፤ ሦስተኛው እምቢ አለ። ሌላ መረብ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ጣቴን አጠፍኩና "ያልፋል" አልኩ።

"ልጄ፣ ሁለት ነው ያስገባኸው።"

"አልፏል ጋሼ፣ ይሂዱ።"

"ሦስተኛውን አስገባ።"

ንድድ አልኩ። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት! እኔ እንጀራቸውን ላተርፍ ስዋሽ እሳቸው በሰው ፊት ያጋልጡኛል?

በአገጫቸው ከኋላዬ ወደቆመ ጎልማሳ አመለከቱ። "የሱን ባለፈው ሳምንት ቀደህ የለም? እሱም አራት ልጆች አሉት።"

ጎልማሳው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ቢላቸውን ከወገባቸው አውጥተው ሰጡኝ። መረቡንም በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙልኝ። እስከ ጫፉ ቀደድኩት።

ከዚያ በኋላ እሳቸውም ከእኛ ጋር ጥበቃ ገቡ፤ የሚቀድማቸውም አልተገኘም። ገና ሲነጋ ሐይቁ ዳር ቆመው እናገኛቸው ነበር፤ ሌላ የሚውሉበት ቦታ አልነበራቸውም።