ለመሌ የሄድኩት ሽምግልና

ይህን ነገር የነፍስ አባቴም አያውቁትም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ፣ በጾም ቀን የበላሁትን እንቁላል ሳይቀር፣ ተናዝዣለሁ። ይህን ግን በየዓመቱ እያለፍኩት እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ንስሐ ስጡኝ አልልም፤ ብቻ አድምጡኝ።

እኔ ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬን ማለቴ አይደለም፣ እሱም አለ፤ ሥራዬን ማለቴ ነው። እንጀራዬን የማገኘው ከኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኛ በማመላለስ ነበር፤ ስሜን ያገኘሁት ግን በማስታረቅና በማጋባት ነው። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይደወልልኛል፤ ልጅ ሊያገባ ሲል ይደወልልኛል። ሱፌን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እሄዳለሁ። «እሱ ከገባበት ነገሩ አለቀ» ሲባል መስማት እወድ ነበር። ለናንተ ምን እደብቃለሁ? ከቅዳሴ ይልቅ እሱን መስማት እወድ ነበር።

ተስፋጋብር ወዳጄ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ኤርትራዊ ነው፤ አማርኛውም ቀልዱም ከእኔ ይበልጣል። እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ኒውአርክ ውስጥ መጋዘን የሚያጸዳ ትንሽ ቢዝነስ ነበረው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታ ነበር። መሌን ያወቃት የጎረቤቱን አሮጊት ለመንከባከብ ስትመላለስ ነው። መሌ የቶንጋ ሰው ናት። ቶንጋ በሰላማዊው ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት፤ ትንሽ ብትሆንም እስከ ዛሬ ንጉሥ አላት። መሌም ባሏ የሞተባት ነበረች። ግዙፍ ሴት ናት፣ ሳቋም እንደዚያው። ተስፋጋብር አጠገቧ ሲቆም ታናሽ ወንድሟ ይመስል ነበር፤ ይህን እያነሳን ብንተርበውም ሰውዬው አይናደድም፣ ደስ ይለዋል።

በፈረንጆች ሁለት ሺህ ስምንት መሰለኝ፣ መኪናዋ ተበላሽቶባት ከኒውአርክ ወደ ሳን ሆዜ ላደርሳት ይዣት ወጣሁ። ሚልፒታስ አጠገብ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለተስፋ ግን እንዳትነግረው» አለችኝ። «ጋሼ» ማለትን ያስተማራት እሱ ነው፤ የቀረውን ሁለታችንም በተሰባበረው እንግሊዝኛችን ነው የምንግባባው።

በአገሯ መሬት ሁሉ የዘውዱ ነው። ከንጉሡ ወደ መኳንንቱ፣ ከመኳንንቱ ወደ ወንዶቹ ይወርዳል። ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ቁራሽ መሬት የመጠየቅ መብት አለው፤ ሴት ልጅ የላትም። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን መሬት ይዛ መኖር ትችላለች። ነገር ግን ካገባች፣ ወይም ወንድ ይዛለች ተብሎ ከተመሰከረባት፣ መሬቱ ይወሰድና ለባሏ ወገን ይሰጣል። የመሌ ባል ትቶላት በሄደው መሬት ላይ አንዲት ቤት አለች። እዚያች ቤት ውስጥ የመሌ እናት ይኖሩ ነበር።

«እናቴ እስካለች አላገባም» አለችኝ። «እሷ ካለፈች በኋላ መሬታቸውን ይውሰዱት። ለተስፋ ብነግረው በእኔ ምክንያት እናቷ ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው ብሎ ጥሎኝ ይሄዳል። አንተ ብቻ አቆይልኝ።»

ላጽናናት ብዬ ይሁን አዋቂነቴን ላሳይ፣ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ነገርኳት። ትርጉሙ ሲገባት ከልቧ ሳቀች። ሕገ መንግሥታችን ግን ጥሩ ነው፣ የቆየ ነው አለችኝ፤ ለመኳንንቱም ለተራው ሰውም ሕጉ አንድ ነው ይላል፤ ለወንድና ለሴት አንድ ነው ማለት ነው የቀረው። ይህ ይለወጥ የሚሉ ሴቶች አሉ፣ ባህላችንን አትንኩ የሚሉም ሴቶች አሉ። እሷ የትኞቹ ጋር እንደሆነች አልጠየቅኋትም። «አቆየዋለሁ» አልኳት። ቃል ሰጠሁ።

ወር እንኳ ሳይሞላ ተስፋጋብር መጣብኝ። «ይቺ ሴት ትወደኛለች፤ ጋብቻ ሳነሳ ግን ወሬ ትለውጣለች» አለ። «ወገኖቿ ተጠይቀው ስለማያውቁ ይሆናል። በወጉ ሄደህ ጠይቅልኝ። አንተ ካልሄድክ ማን ይሄዳል?»

ምን ማለት ነበረብኝ? ታገሥ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ምስጢሯን ሳላወጣ ልላት እችል ነበር፤ የመቶ ሰው ጠብ በዚያች ቃል አብርጃለሁ። አንድ ጊዜ በለሆሳስ አልኳት፣ ከዚያ «አንተ ካልሄድክ ማን ይሄዳል» የምትለው ነገር ልቤ ውስጥ ገባች። ሐበሻ ለሐበሻ ሽማግሌ ቢሆን ምን ይደንቃል? ባሕር አቋርጦ ለመጣ ሕዝብ፣ ንጉሥ ላለው ሕዝብ፣ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ከመካከላችን ማን አለ? ይህን ነው ያሰብኩት። መሬቱን ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። አልረሳሁትም። የአሜሪካን ወሬ እዚያ ድረስ ማን ያደርሰዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ጓደኞቼን አስከትዬ ሳን ሆዜ ሄድኩ። የሄድነው ሲዮኔ ቤት ነው፤ ሲዮኔ የመሌ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ እዚህ አገር ወገኔ የምትለው እሱን ነው። እንግዳ ይመጣል ብሎ አንድ ሙሉ አሳማ ጠብሶ ጠበቀን። ሦስት ኦርቶዶክሶች ነጠላ አጣፍተን አሳማ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ድንች ብቻ እየለቀምን በላን፤ ሰውዬው ታመናል ብሎ አዘነልን።

ከዚያ ተነሥቼ ተናገርኩ። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም።

ሲዮኔ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «መሌ ልታገባ ነው?» አለ።

«አዎ» አልኩ። «ከተዋደዱ ዓመት አልፏቸዋል።»

ያቺን አረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የጨመርኳት፣ ንግግሬ እንዲያምር። ሲዮኔ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ አላውቅም ብሎ አመሰገነኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አገር ቤት ያለው ልጁ መሬት ጠይቆ ስንት ዓመት እንደጠበቀ ነገረኝ። የማንን መሬት እንደሚጠብቅ ያኔ ገባኝ። ስንወጣ በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ስጦታ ሰጠኝ፣ ተቀበልኩት።

ምንጣፉን ተሸክሜ ቤቴ ገብቼ ስደነፋ ልጄ ሄለን ቀና ብላ አየችኝና «ዳድ፣ ዲድ ዩ አስክ ኸር?» አለችኝ። እሷንስ ጠየቃችኋት ወይ ማለቷ ነው። ሽማግሌ የሚጠይቀው ወገንን ነው ብዬ አፏን ዘጋኋት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የመሌ እናት ቤቱን ለቀቁ። ሲዮኔን ክፉ አልለውም፤ ሕጉ ለልጁ የፈቀደለትን ጠየቀ፣ አገኘ። እናትየው ዘመድ ቤት ገቡ፤ ዓመት ሳይሞላቸው እዚያው አረፉ። በገዛ አልጋቸው ላይ አይደለም።

ተስፋጋብር የመሬቱን ነገር የሰማው ያን ጊዜ ነው። እሑድ ቀን ቤቱ ማዕድ ላይ ነበርን። ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን ታውቅ ነበር?» አለኝ።

ከእኔ በፊት መሌ መለሰች። ጭልፋ ይዛ እንደቆመች፣ እሱ ባስተማራት አማርኛ «አያውቅም» አለች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ለማንም አልነገርኩም አለች። ይህን ስትል ያየችው እኔን ነው።

እኔስ? አንገቴን ደፋሁ። ያን ዕለት አፌን ከፍቼ ቢሆን ጥፋቴ አንድ ይሆን ነበር። ተስፋጋብር ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ባንተ መጥፎ ነገር ጠረጠርኩ» አለኝ። ይቅር አልኩት! ሰምታችኋል? እኔ እሱን ይቅር አልኩት።

ተጋቡ። ሠርጉ እስከ ዛሬ ይወራል። የእነሱ መዝሙርና የእኛ እልልታ ኒውአርክን አናወጠው። መሌ ጓሮዋን በጎደሬ ሞላችው፤ ከማዕዷ ጠፍቼ የማውቅበት እሑድ ጥቂት ነው። በኋላ በአገሯ ንጉሡ ሥልጣናቸውን ቀንሰው ሕዝቡ አብዛኛውን የፓርላማ ሰው የሚመርጥበት ዘመን ሲመጣ ደግሳ አበላችን። መሬቱስ ብዬ ልጠይቅ አስቤ ዋጥኩት። ገብቷት ነው መሰል፣ «የሴቷ መሬት ገና ነው» ብላ ሳቀችና ወጥ ጨመረችልኝ። ተስፋጋብር ለእንግዳ ሁሉ እኔን እየጠቆመ «ያጋባን እሱ ነው» ይላል። ደስ ይለኛል። አዎ፣ ከነጥፋቴ ደስተኛ ነኝ፣ ጤና ነኝ፣ ወዳጅ አለኝ። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ ደስታዬ የቆመው እሷ በዋሸችልኝ አንዲት ቃል ላይ ነው።

አሁን ይህን ጽፌ ልናገር ስነሣ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። እውነቱን ካወጣሁ የእሷንም ውሸት አወጣዋለሁ። ስለዚህ ባለፈው እሑድ ጓሮ ገብቼ መሌን ጠየቅኋት። ስንቱን አባት፣ ስንቱን ወንድም ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ እሷን የጠየቅኋት የመጀመሪያ ቀኔ ነው። የጎደሬውን ቅጠል መቁረጧን ቀጠለች።

«ጻፈው» አለችኝ በመጨረሻ። «የእናቴን ስም ግን አትርሳ።»

ሎሴ ይባሉ ነበር። ቤት ነበራቸው።

መሌ አማርኛ አታነብም፤ ተስፋጋብር ያነባል። ወንድሜ፣ ነግራኝ ነበር። ሚልፒታስ አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀስ አድርጋ ነግራኝ ነበር። አውቅ ነበር።