ሰው እንዳያውቀኝ የከፈትኩት ድረ ገጽ

ድረ ገጹን የከፈትኩት ማንነቴን ሰው ሳያውቅ ለመናገር ነው። የሚጥል በሽታ አለብኝ። የጀመረኝ በልጅነቴ ሲሆን መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ስለምወስድ ከወደቅሁ ዓመታት አልፈዋል። ሆሳዕና ውስጥ ይህን የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበር። ልጄን የምትጠብቅልኝ አማቴ አታውቅም። ኬሚስትሪ የማስተምርበት ትምህርት ቤትም ማንም አያውቅም። ኪኒኔን እንኳ እዚህ አልገዛም ነበር፤ መድኃኒት ቤት ደጃፍ የተማሪ ወላጅ ያየኛል ብዬ ስለምፈራ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በአንጋጫ በኩል ዱራሜ ድረስ እሄዳለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ዱራሜ አክስት አለችኝ እል ነበር። አክስት የለኝም።

መጀመሪያ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በሌላ ስም ጽፌ ነበር። ገሚሱ "አጋንንት ነው" አለኝ፤ ገሚሱ ወደሚጸለይበት ቦታ መራኝ። አንዱ ደግሞ መንገድ ላይ የወደቀች ሴት ቪዲዮ ከጽሑፌ ስር ለጥፎ ሳቀባት። ቀሚሷ ተገልቦ ነበር፤ የሚሸፍናት ሰው አልነበረም። ማንም እንደፈለገ የማይፈነጭበት የራሴ ቤት እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ውጭ አገር ያለች እህቴ በካርዷ ከፍላ የድረ ገጽ አድራሻና ጽሑፎቼ የሚቀመጡበትን ቦታ ተከራየችልኝ። የቀረውን ቪዲዮ እያየሁ ራሴ ተማርኩ። አንዴ ሁሉንም አጥፍቼው ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጎብኚው እኔው ራሴ ነበርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ፦ ሰው የሚመጣው አንቺ መናገር የምትፈልጊውን ሊሰማ አይደለም፤ እሱን ያስጨነቀውን ሊጠይቅ ነው። ስለዚህ እኔ ራሴ ድሮ በፍርሃት ፈልጌ ያጣኋቸውን ጥያቄዎች ርዕስ አደረግኋቸው። "የሚጥል በሽታ በትንፋሽ ይተላለፋል?" "የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት መውለድ ትችላለች?" "ሰው ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት ይጠቅማል?" ዱራሜ ያሉት ሐኪሜ የነገሩኝን በቀላል አማርኛ ጻፍኩ። ሰዎች መምጣት ጀመሩ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃት ያዘኝ። ከኢትዮጵያ የሚገባውን ሁሉ የጎብኚ መቁጠሪያው "አዲስ አበባ" ነው የሚለው። የሚያነበኝ የጎንደር ሰው ይሁን ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ማወቂያ የለኝም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዱ ስልኩን እያየ ፈገግ ሲል የእኔን ገጽ የሚያነብ ይመስለኛል። ገበያ ውስጥ ሴቶች ተጠጋግተው ካወሩ መንገዴን እቀይራለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የማላውቀው ቁጥር ይደውልልኝ ጀመር። "አቤት?" እላለሁ። መልስ የለም። ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ይዘጋል። ሌላ ቀን ደግሞ እንደዚያው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥቤ ስገባ ድረ ገጹ ላይ አዲስ ኮሜንት አገኘሁ። "የምትኖሪው ሆሳዕና ነው። ስምሽን አገኘን። እንመጣለን።" ከዚህ ሌላ ምንም አልነበረውም።

ስልኩን ለባለቤቴ ስሰጠው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ይመጣል፦ መጣብኝ እንዴ? ሐኪሜ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት እንደሚቀሰቅሱት ደጋግመው ነግረውኛል። እኔ ከዚያ የስልክ ጥሪ ወዲህ በቅጡ ተኝቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ሲፈልግ ቆይቶ አገኘው። የድረ ገጹ አድራሻ ሲመዘገብ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይጻፋል፤ ያንን መዝገብ ደግሞ ማንም ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል። እህቴ በቅንነት የሞላችው ሙሉ ስሜና ስልኬ፣ "ሆሳዕና" ከሚል ቃል ጋር ተገትሮ ቆሟል። ይህን ሁሉ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ለካ መጋረጃው አልነበረም።

"ዝጊው" አለኝ። "ዛሬውኑ ዝጊው። እናቴ ብትሰማ ምን እንላታለን?"

"ብዘጋውስ? ያየ አይቷል።"

"ሌላ ሰው እንዳይጨምርበት ነዋ!"

ስሜን የሚደብቀውን አማራጭ አገኘንና አበራነው። ገጹን ግን መዝጋት አቃተኝ። ያን ሰሞን አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ቤተሰቦቿ ኪኒኗን እንደጣሉባት ጽፋ መልስ እየጠበቀችኝ ነበር። ሐኪሟ ዘንድ ዛሬውኑ እንድትሄድ ጻፍኩላት፤ ከዚያ በኋላ እዘጋዋለሁ አልኩ። እሷ ሳትመልስልኝ እነሱ መጡ።

የረፍት ሰዓት ነበር። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ መምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ "ቲቸር፣ ሰው ይፈልግሻል። ከሀቢቾ ነው የመጣሁት ይላል" አለኝ። ሀቢቾ የምትባለው ገጠር የማውቀው ሰው የለም። ወደ አጥር በሩ ሄድኩ።

በሩ አጠገብ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ ካፖርቱ ጭቃ የነካው ገበሬ ቆሟል። ከኋላው ነጠላ የተከናነበች ልጃገረድ አለች። መምህራኑ ፀሐይ ሊሞቁ ወንበር አውጥተው እዚያው ተቀምጠዋል።

ዘበኛው ድምፁን ዝቅ ማድረግ የሚችል ሰው አይደለም። "ስለሚጥል በሽታ የምትጽፈዋን መምህርት ነው የምፈልገው አለኝ። እንደዚህ ዓይነት ሰው እኛ ጋ የለችም ስለው ያንቺን ስም ጠራ" አለ።

መምህራኑ ወደ እኔ ዞሩ። ተሳስተዋል ማለት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ነጠላዋን ስታስተካክል ግን እጇን አየሁት፤ ከጣቶቿ እስከ ክንዷ በእሳት የተጨማደደ ጠባሳ ነው። ምድጃ ላይ ወድቃ ነበር ማለት ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሰውየው በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "ደውዬልሽ ነበር" አለኝ፣ ሀዲይኛው በሚጫነው አማርኛ። "ድምፅሽን ስሰማ ምን እንደምል ይጠፋኛል። ይቺ ልጄ ናት፤ ስምሽን አግኝታ የጻፈችልሽ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ናት፤ እንመጣለን በያት አልኳት። ከተማ ገብተን ስምሽን ስንጠይቅ እዚህ ጠቆሙን።"

ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያሳድደኝ የመሰለኝ ሰው ይህ ነበር። ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ አላገኘሁም፤ ልጅቷ ከጉሮሮዋ እንግዳ ድምፅ አውጥታ እንደ ግንድ ተገትራ ወደቀች።

ወንበሮች ተጋጩ። መምህራኑ ወደ ኋላ ሸሹ። እኔም ሸሸሁ፤ እውነቱ ይህ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰድኩ። በሽታውን ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ፣ ስለሱ ስንት ገጽ ጽፌያለሁ፣ ከውጭ ግን አይቼው አላውቅም። ዓይኗ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ቀርቷል፤ መንጋጋዋ ተቆልፏል፤ ከከንፈሯ አረፋ ይወጣል፤ እግሯ መሬቱን ይደበድባል። እኔ እንዲህ ነኝ ማለት ነው? እናቴ ያየችው ይህንን ነው? ባለቤቴስ?

አባትየው ስሟን እየጠራ አጠገቧ ተንበረከከ። ዘበኛው "ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" እያለ ይጮኻል። ጩኸቱ አነቃኝ።

"ክብሪት አያስፈልግም ጋሼ። ተዉት" አልኩት። ሹራቤን አውልቄ ከራሷ ስር አደረግሁ። ቀሚሷን ሰብስቤ በነጠላዋ ሸፈንኳት። እጅና እግሯን አባቷ ይዞ ሊያቆም ሲታገል "አይያዟት፣ ራሱ ይለቃታል" አልኩት። መንፈራገጡ ሲቆም በጎኗ አዞርኳት፤ አረፋውን በመሐረቤ ጠረግሁላት። ትንፋሿ እየከበደ መጣና ተስተካከለ። ቀና ስል መምህራኑ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ያዩኛል። አንዷ ባልደረባዬ "ነካሻት እኮ! አረፋው ነካሽ!" አለች።

"አይተላለፍም" አልኳት። "እኔም አለብኝ። ስንት ዓመት በአንድ ሲኒ ጠጥተናል፤ ምን ሆንሽ?"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ተራ ስንጠብቅ ሁለት ተማሪዎቼን ከእናቶቻቸው ጋር አየሁ፤ እነሱም አዩኝ። ሐኪሙ ልጅቷን መርምሮ መድኃኒት አዘዘላት። አባቷ ከትምህርት ቤት ካስቀራት ቆይቷል፤ ሰው ፊት እንዳትወድቅ ቤት ዘግቶባት ነበር የኖረው። ስለ በሽታው በአማርኛ ሲነበብለት የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ።

ወሬው አማቴ ዘንድ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ቤት ስገባ የልጄን ፀጉር እየዳበሰች ተቀምጣለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ልጁስ?" ብቻ ነው ያለችኝ። "ልጁስ አለበት?"

"የለበትም እማዬ" አልኳት። ሐኪም ያለኝንም ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ከልጄ ላይ ግን ዓይኗን አላነሳችም። እስካሁንም ሲሮጥ ተደናቅፎ በወደቀ ቁጥር ጩኸቷ ይቀድመኛል።

ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ ጠርቶኝ "ለራስሽ ደኅንነት ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲድ አለ" አለኝ። የቤተ ሙከራውን ክፍለ ጊዜ ለሌላ መምህር ሰጠው። ስወጣ ጥሩ ሰው እንደሆነ እያሰብኩ ነበር፤ ጥሩ ሰውም አምኖ የሰጠሽን ነገር ሊቀንስብሽ እንደሚችል ያን ቀን አየሁ። ያቺ ባልደረባዬ ሲኒዋን ለየች። የሂሳቡ መምህር ግን አንድ ቀን ብቻዬን ሲያገኘኝ፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ስለ እህቱ ጠየቀኝ።

በሰውየው ፈቃድ የልጅቷን ስም ሳልጠቅስ፣ አጥር በሩ ላይ ያየሁትን ጻፍኩ። ወደ ኋላ ከሸሸሁባት እርምጃ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ገጹን ያን ያህል ሰው አንብቦት አያውቅም። ባለቤቴም አነበበው። ጽሑፎቼን አንብቦ አያውቅም ነበር፤ ሲጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

"ከተጋባን በኋላ መጀመሪያ የወደቅሽ ቀን" አለኝ፣ "ሞተች ብዬ ነበር። ሮጬ ደጅ ወጥቻለሁ። የተመለስኩት ደጅ የሚረዳኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ስትነቂ አጠገብሽ ስላገኘሽኝ አልሸሸም ብለሽ አመሰገንሽኝ።"

ስለዚያ ቀን እኔ የማውቀው ከነቃሁ በኋላ ያለውን ብቻ ነበር። ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።