የማይለቅ ኮላም

ካያል አያቷን ሸኝታ ከአገሯ ከቴንካሲ ወደ ቼናይ ከተማ በባቡር የተመለሰች ዕለት ጠዋት፣ ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት መጀመሪያ ያየችው የራሷን ደጃፍ ነበር። ከበሩ ግርጌ፣ ገቢው እንዳይረግጠው እግሩን ከፍ የሚያደርግበት ቦታ ላይ፣ ነጭና ሮዝ የሎተስ አበባ ሥዕል ተዘርግቷል። ድምቅ ብሎ፣ አንዳች ነገር እንዳልሆነ። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቆማ አየችው። ደጃፍ ላይ ኮላም የሚሉት ይህ የደጅ ሥዕል ካለ ቤቱ ሰላም ነው ማለት ነው፤ እህሉ ሙሉ ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ግቡ ማለት ነው። እሷ ቤት ግን ሰላም አልነበረም።

አያቷ ፔቺያማል ትባል ነበር፤ ካያል በአገሯ ወግ አቺ ነው የምትላት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ጡት ከማስጣል ጀምሮ ያሳደገቻት አቺ ናት። ጎሕ ሲቀድ ትነሳለች፣ ደጁን ጠርጋ ውኃ ትረጫለች፣ ከዚያ ቁጢጥ ብላ የሩዝ ዱቄት በሁለት ጣቶቿ መሐል እንደ ክር ታፈሳለች። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ታደርግና ክሩን በነጥቦቹ ዙሪያ አዙራ አዙራ ከተነሳበት ትመልሰዋለች። በቀዝቃዛው ወር ደግሞ መሐሉ ላይ የዱባ አበባ ትሰካበታለች። የቴንካሲ ልጃገረዶች ያን ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገዳቸውን አዙረው በአቺ ደጅ ነበር የሚያልፉት። በየቤታቸው ደጅ ሠርተው የመጡትን ኮላም ከእሷው ጋር እያስተያዩ ይበሳጩ ነበር።

ሰው የሞተበት ቤት ግን አይሣልበትም። ሐዘኑ እስኪወጣ ደጁ ባዶውን ይከርማል። መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። አሁንም አቺ ለቤተ መቅደሱ በዓል ወደ አገሯ እንደሄደች በካያል አጎት ቤት ሳለች አረፈች፤ ካያልም በደረሰች ማግስት ጠዋት ወተት አመላላሹ ባዶውን ደጅ ገና ከሩቅ ሲያይ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደገፈ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ማንም ምንም አላለውም። ካያልም ያን ሰሞን ለማንም ምንም አላለችም። አልቅሺ ሲሏት አለቀሰች፣ ብዪ ሲሏት በላች። አቺ ሞተች የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። አላስፈለገማ፤ ደጁ ይናገር ነበር።

የቼናዩ ደጅ ግን የሚናገረው ሌላ ነው። ያንን ሎተስ የገዛችው ራሷ ካያል ናት።

ሥራ ይዛ ወደ ከተማ ስትመጣ አቺን ይዛት ነበር የመጣችው። አቺ በሴራሚኩ ኮሪደር ላይ እንኳ ሥዕሏን አልተወችም። በኋላ ግን ጉልበቷ እምቢ አለ። ቁጢጥ ካለች ለመነሳት ግድግዳ መያዝ፣ ማቃሰት ሆነ። ካያል አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ገበያ ገብታ ተለጣፊውን ኮላም ገዛች፤ ይኸው ፕላስቲኩን። አቺ እስክታይ ቸኩላ ያንኑ ማታ ለጠፈችው።

"ከእንግዲህ ጉልበትሽን አታሰቃዪው። አንዴ ከተለጠፈ በውኃም አይለቅም አሉኝ።"

አቺ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። "ልሙጥ ነው" አለች።

"አያምርም?"

"ያምራል እንጂ። ከኔ ያምራል።" ቀና ስትል ደግሞ፣ "ጉንዳኖቹስ ምን ሊበሉ ነው?" አለች።

"አቺ ደግሞ! አራተኛ ፎቅ ላይ የምን ጉንዳን?"

"አንቺ ተኝተሽ ነው እንጂ አሉ። ከዚያ ከስንጥቁ ነው የሚወጡት። እኔና እነሱ እንተዋወቃለን።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ግን አቺ እንደ ልማዷ በጎሕ ትነሳና አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የጎረቤት በር ሲከፈት ታዳምጣለች። ካያል በእንቅልፍ ልቧ ታያት ነበር። አይታም እፎይ አረፈች ብላ መልሳ ትተኛ ነበር።

ይህን ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆማ ስታስብ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ማራጋዳም ናት። ድምፅዋ ከራሷ ቀድሞ የሚደርስ፣ ጠጉሯ ውስጥ የጃስሚን አበባ የማይጠፋ ሴት።

"መጣሽ አንቺ ልጅ! ቤቱ ጭር ብሎብን ነበር እኮ! አያትሽስ? አገራቸው ሲገቡ እኛን ረሱን አይደል?"

ካያል አፏን ከፈተች። ዓይኗን ሎተሱ ላይ ጣለች። "እዚያው ናት፣ አካ" አለች። ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው፤ ሁሌም እንዲሁ ትጠራታለች።

"ይቆዩ፣ ይረፉ! እዚህስ ምን አለ፣ ጭስ። ስትደውዪ ግን ማራጋዳም ተቀይማለች በያቸው።"

ካያል በሯን ከፍታ ገባች። የአቺ ነጠላ ጫማ ከመግቢያው አጠገብ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀምጧል። ካያል እሱን ላለማየት በጎን አለፈች።

በማግስቱ ሥራ ገባች። የካያል ሥራ የቤት ፕላን በኮምፒውተር መሣል ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደጃፍ ስትሠራ ትውላለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ከአሳም የመጣ ፕራንጃል የሚባል ልጅ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ የምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት ቁጭ አለች።

"ምነው? እንደ ኔ አቃጠልሽው እንዴ?" አላት።

"ፕራንጃል፣ እናንተ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት በምን ያውቃል?"

"በኛ መንደር? ሳይሞት በፊት ነው የሚያውቁት።" አለመሳቋን አየና ማንኪያውን አስቀመጠ። "አምና አጎቴ ሲሞት እዚህ ነበርኩ። ምን እንደማይበላ፣ እስከ መቼ እንደማይበላ ለካ አላውቅም። እናቴን መጠየቅ አፈርኩ፤ የሷ ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም ልበላት? ስልኬ ላይ ፈለግሁ። አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ይላል። ግራ ሲገባኝ ዶሮ በሩዝ አዘዝኩ።"

"በላህ?"

"ምግብ አድራሹ ልጅ ይዞ መጥቶ ሲያንኳኳ መክፈት አቃተኝ። ጾሜን ዋልኩ። እንደ ሐዘን ይቆጠር እንደሆነ እንጃ።"

"ይቆጠራል" አለች ካያል።

"ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ዝም ብዬ ነው" አለችና የምሳ ዕቃዋን ክዳን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው።

እንዲህ እንዲህ እያለች ሰነበተች። ጎረቤቱ ሁሉ ሎተሱን እያየ በደህናው ሰላምታ ያልፋል። ኮሪደሩ ላይ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ልጆች በሯን ኳስ ይመቱበታል። አንዳቸውም ጥፋት የለባቸውም። አያቷን የሚያህል ሰው ከዚህ ፎቅ ጠፍቶ ግን አንድ ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ አላደረገላትም። ልቧን የበላው ይኸው ነው።

እሑድ ረፋድ ላይ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ማራጋዳም አዲስ ሳሪ ለብሳ፣ በሁለት እጇ የብር ሰሃን ይዛ ቆማለች። ሰሃኑ ላይ እርድ፣ ቀዩ የግንባር ዱቄት፣ አበባ፣ ከመሐል ደግሞ የሠርግ መጥሪያ።

"ልጄን ልድር ነው! ከዚህ ፎቅ መጀመሪያ የምጠራው የአያትሽን ቤት ነው ብዬ ተስያለሁ። እሳቸው ባይኖሩም ለደጃቸው ነው የምሰጠው። ነይ፣ ግንባርሽን ስጪኝ።"

ጣቷን ቀዩ ዱቄት ውስጥ ነክራ እጇን ዘረጋች። ካያል ወደኋላ አለች። ይህ ሰሃን ሐዘን ቤት አይገባም። ዝም ብላ ብትቀበል የሙሽሮቹን ደስታ በገዛ እጇ ማጥቆሯ ነው። መናገር አለባት። ቃሉ ግን አልወጣም። ያኔ ተንበረከከችና የሎተሱን ጠርዝ በጥፍሯ መቧጠጥ ጀመረች።

"ምን ሆንሽ? ተይው እንጂ! ስንት ጊዜ የቀናሁበትን! ምኑ አስጠልቶሽ ነው አሁን..." ማራጋዳም ወሬዋን አልጨረሰችውም። ሰሃኑን ወደ ደረቷ ሳበች። ዞራ ቤቷ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ሄደች፣ አለች ካያል በሆዷ። ሸሸችኝ። ጥፍሯ ተሰብሮ ደማ፤ የሎተሱ አንድ ቅጠል ብቻ ተነስቷል። እንባዋ ፕላስቲኩ ላይ እየወደቀ እንደ ውኃ ይንከባለላል፣ አይገባም።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ማራጋዳም አዲሱን ሳሪ አውልቃ የቤት ልብሷን ለብሳለች። ጃስሚኑን ከጠጉሯ አውጥታዋለች። በአንድ እጇ የኮኮናት ዘይት፣ በሌላው የወጥ ቤት ቢላ ይዛለች። እያቃሰተች አጠገቧ ተንበረከከች።

"መቼ ነው?" አለች፤ ያ ድምፅ እንዲህ ዝቅ ማለት ይችላል ብሎ ማን ያስባል።

"አቺ ሞተች" አለች ካያል። "አካ፣ አቺዬ ሞተች።"

"እና ብቻሽን? ሳምንቱን ሙሉ ብቻሽን? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ? ተቀይማለች በያቸው እያልኩ!" ማራጋዳም ደረቷን መታችና ጮኸች። በኮሪደሩ ያሉት በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሴቶቹ ወጡ፤ ካያልና ማራጋዳም ጎንበስ ብለው ሎተሱን ሲፍቁ አዩ፣ ገባቸው። አንዷ ሙቅ ውኃ አመጣች፣ ሌላዋ ጨርቅ። ሎተሱ እየተቀደደ ለቀቀ። ከሥሩ ጠቆር ያለ የሙጫ ክብ ቀረ፤ እሱን በዘይት አሹት፣ አሹት፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ያን ዕለት የካያል ደጃፍ በነጠላ ጫማ ተሞላ። ከማራጋዳም ቤት ኢድሊ የሚሉት የሩዝ ዳቦ መጣ፤ እስክትበላ ድረስም የተነሳ ሰው አልነበረም።

ሐዘኑ ወጣ ብሎ አጎቷ በደወለ ማግስት ካያል በጎሕ ተነሳች። ደጇን ጠረገች፣ ውኃ ረጨች፣ የአቺን የዱቄት ጣሳ ከፈተች። በኮምፒውተር ቀጥ ያለ መሥመር የሚያወጣው እጇ ዱቄቱን ሲያፈስ ክሩ አንዴ ቀጠነ፣ አንዴ ወፈረ። ነጥቦቹ ተዛነፉ። ክሩን ከተነሳበት ለመመለስ ሞከረች፤ ትንሽ ሲቀረው ሳተ። ቀና ስትል ማራጋዳም በሯ ላይ ቆማ ታያታለች።

"ምንድን ነው እሱ? የመሥሪያ ቤትሽ ፕላን ነው?"

"ሎተስ ነው፣ አካ።"

"የምን ሎተስ! የተረገጠ ጎመን ነው እንጂ።"

"ላጥፋው?"

"እጅሽን እንዳታስጠጊ" አለች ማራጋዳም። "ቆይ እዚያው።"

ገብታ ስትወጣ ያንን የሠርግ መጥሪያ ሰሃን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ደጃፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። እግሯን ከፍ አድርጋ፣ የተጣመመውን ሎተስ ሳትነካ ተሻግራ ገባች።