ያልተዘጋ ጸሎት

ልጄ ለመዘምራን ዜማ የምትደርስ ሆና ስሟ መሰማት በጀመረበት ጊዜ ታናሽ ወንድሟ ሊባኖስ ውስጥ ወታደር ነበር። የምንኖረው ኔታንያ ከተማ፣ ዶራ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያኔ ልጇ ሊባኖስ የዘመተባት እናት ሁሉ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ የሠራዊቱ ሰዎች ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ደረጃውን ሲወጡ ማየት። መርዶ የሚመጣው እንደዚያ ነው። የማላውቀው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ምድጃውን አጥፍቼ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ልጄ መዘመር የጀመረችው ከአገር ቤት እዚህ እንደመጣን በገባችበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ኋላ ድርሰት ተማረች። ተማሪ ሳለች ክፋር ዮና ወደሚኖሩት አጎቴ፣ ወደ ሽማግሌው የአይሁድ ቄስ፣ ቴፕ ይዛ እየሄደች የሚያውቁትን ጸሎት ሁሉ ቀድታ ነበር። ግዕዝ አታውቅም። የቱ ለበዓል፣ የቱ ለጾም እንደሆነ አልጠየቀችም። የፈለገችው ዜማውን ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ ሊቀርብ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልምምዱን እንድመለከት ወሰደችኝ። ከመዘምራኑ የሚበዙት ከሩሲያ የመጡ ሴቶች ነበሩ። ጀመሩ። ግዕዙ በአፋቸው ተሰባብሯል፤ ዜማውን ግን ወዲያው አወቅሁት። አባቴ የሞተ ቀን ሬሳው ላይ የተዜመው ነው። እነሱ ሬሳ በሌለበት ፊታቸው እየበራ ያዜሙታል። ድምፁ ከፍ ካለበት ቦታ ሲደርሱ ድንገት ዝም አሉ። ማለቁ ነበር።

“እንዴት ነው ኢማ?” አለችኝ ስንመለስ፤ እናቷን በዕብራይስጥ ነው የምትጠራኝ።

“የሙት ጸሎት ነው።”

“ምን አለበት? ከሁሉም ቆንጆው እሱ ነው።”

“ወንድምሽ ሊባኖስ ነው ያለው።”

“ኢማ፣ ዳይ፣ በቃ! ሙዚቃ ሰው አይገድልም።”

“ሌላ አድርጊ።”

“ሌላ? ሐሙስ እኮ ነው! ይሄን ካበላሸሁ ማን ሁለተኛ ሥራ ይሰጠኛል?”

በማግሥቱ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

“አባ፣ የሙቱን ጸሎት ለምን አዜሙላት?”

“‘ከእርስዎ ጋር እንዳይጠፋ’ አለችኝ። ‘ገና ሳልሞት ቀበርሽኝ’ ብዬ ሳቅሁባት። ግን ዘግቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ ለቀሩት ዕድሜ የሚለምን አለ፤ እሱን ሳልል ከወንበሬ አልተነሣሁም።”

“እሷ እሱን ቆርጣዋለች።”

“ተከፍቶ አይተውም” አሉ። “ክፍቱን ያደረ እንደሆነ ሌላ ሙት ይጠራል ይሉ ነበር አባቶች። ማንም ይሁን፣ ይዝጋው።”

“እኔ ሴት ነኝ።”

“ቅስና ያዢ ማን አለሽ? የወታደሩ እናት አይደለሽም? በይ ተቀመጪና ከአፌ ውሰጂ።”

እስኪሆንልኝ ድረስ ደጋግመው አስባሉኝ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። መዘምራኑ ዝም ሲሉ ሕዝቡ እያጨበጨበ ተነሣ። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ፣ መዝጊያውን አልኩት። አጠገቤ የነበረች ሴት የማለቅስ መስሏት መሐረብ ሰጠችኝ።

ሥራው ተወደደ። ሃይፋ ተዘመረ፣ ኢየሩሳሌም ተዘመረ፣ ሌሎች መዘምራንም አዳዲስ ድርሰት ያዝዟት ጀመር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያ ድርሰት እንደገና ይዘመራል በተባለ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ሁሉም ቦታ መሄድ አልችልም። ስለዚህ እኔ መዝጊያውን እንድልበት፣ እንዳለቀ ስልክ እንድትደውልልኝ ለመንኳት። “አንቺ ደግሞ!” ብላ ሳቀች፤ ቢሆንም ትደውል ነበር። ከጀርባዋ ጭብጨባው እየተሰማ “አለቀ ኢማ” ትለኛለች፤ እኔ ስልኩን ዘግቼ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ፣ እለዋለሁ።

በኋላ ውጭ አገር ጠሯት፤ ኮንሰርቱ የእሑድ ቀትር ነበር። በዚያው ጧት ሬዲዮው ሊባኖስ ውስጥ ወታደሮች መቁሰላቸውን ተናገረ፤ ስም አልጠራም። ወታደሩ ልጄ አልደወለም። ቀትር አለፈ፤ እሷም አልደወለችም። ማለቁን ሳላውቅ እንዴት ልዝጋው? ዘማሪዎቹ ገና ካልጀመሩስ? የስልኩን እጀታ እያነሣሁ መሥራቱን አዳምጥና መልሼ አስቀምጣለሁ። ታች በሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ደረጃው ወጥቼ ኮቴ አዳምጣለሁ።

ሲመሽ ስልኩ ጮኸ። እሷ ነበረች።

“ኢማ፣ ረሳሁት። አበባ ይዘው ከበቡኝ፣ እራት ወሰዱኝ፣ ረሳሁት። ዜናውን አሁን ነገሩኝ። ወንድሜ ደውሏል?”

“አልደወለም።”

ከሰዎቹ ተለይታ በር ስትዘጋ ሰማሁ።

“መዝጊያውን በይው” አለችኝ። “ስልኩን አትዝጊ። እኔም ከአፍሽ እየተቀበልኩ እላለሁ።”

ቃል በቃል አልኩላት፤ እሷም ቃል በቃል ተቀበለች። ትርጉሙን አልጠየቀችኝም።

ልጁ የደወለው በማግሥቱ ነው። የቆሰሉት ከሌላ ክፍል ነበሩ። በዓመቱ አገልግሎቱን ጨርሶ በደህና ወጣ።

ልጄ ከጉዞዋ እንደተመለሰች አጎቴ ዘንድ ሄዳ መዝጊያውን እንደገና ቀዳች፤ ድርሰቱም ላይ ጨመረችው። ሙዚቃ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች የበፊቱ አጨራረስ ይሻል ነበር ይሏታል አሉ። እሷ አትመልስላቸውም።