«የለኝም» ብዬ የፈረምኩበት ፎርም

አሰልጣኙ ሲቀየር ነገሩ እኔ ድረስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሥራዬ በር ላይ ነው፤ ቡድኑ እዚህ ሲያትል በሚጫወትበት እሁድ ሁሉ የተመልካቹን ቦርሳ እየፈተሽኩ አስገባለሁ። ጨዋታውን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላየሁትም። ማን እንዳሸነፈ የማውቀው ከጩኸቱ ነው። አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት ደግሞ ኳስ ታቅፎ መሮጥን ስለሆነ፣ አለማየቴ ያን ያህል አይቆጨኝም።

አዲሱ አሰልጣኝ በመጣ ሰሞን የእኛም አለቃ ሄደና በምትኩ ፈገግታ የማይለያት ወጣት መጣች። ፈገግታዋን አልወደድኩትም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ደጋፊዎቹም ቢሆኑ እንደኔ ተጠራጣሪዎች ነበሩ፤ በሩን ሲያልፉ ስለ አሰልጣኙ «ይሄስ አያዛልቅም» ይባባላሉ።

በመጀመሪያው ስብሰባችን ፎርም አደለችን። መሥራት የማንችልበት እሁድ ካለ ከነምክንያቱ እንድንጽፍ ነው። የድሮው አለቃችን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆን አያውቅም። አብሮኝ በር ላይ የሚሠራው፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር የሚኖረው ባልደረባዬ ወዲያው የእህቱን ሠርግ ቀን ጻፈ።

«አንቺስ? የአባትሽ ሙት ዓመት ኖቬምበር ላይ አይደል?»

«ዝም በል።»

«ኦኬ፣ ግን ፊል አድርጊው። ምን ታደርግሻለች?»

«የምትቀንሰውን ሰው ልትለይበት ነው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ስሠራ አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር ፎርም ይበተን ነበር፤ ችግሩን በሐቅ የጻፈ ሰው በማግስቱ ስሙን ከዝውውር ዝርዝር ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ «የለኝም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ኬንት ከተማ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። የአባቴ የመጀመሪያ ሙት ዓመት ነውና ያን ቀን አብሬያት ቤተ ክርስቲያን እንደምቆም እርግጠኛ ነበረች። ፈሪ እንዳትለኝ «አዲሷ አለቃዬ ከለከለችኝ» ብዬ ዋሸኋት። እማዬ አልተቆጣችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ማታ ስትጸልይ «የልጄን አለቃ ልብ አራራልኝ» የሚል ጨመረችበት። በሰማሁ ቁጥር ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ዕቃ መልሼ አጥባለሁ።

ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ። «አያዛልቅም» ሲሉ የነበሩት ሁሉ «ብለን አልነበር?» ማለት ጀመሩ። እኔ ግን የአሰልጣኙንም ድል የአለቃዬንም ፈገግታ አላመንኩም። ባልደረባዬ የእህቱን ሠርግ በልቶ ተመለሰ፤ ማንም አልቀነሰውም። ይሄም ማዘናጊያ ነው አልኩ።

የሙት ዓመቱ እሁድ ዝናብ ነበር። እማዬን ጎረቤታችን ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት፤ እኔ የሰው ቦርሳ ስፈትሽ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ። በመጨረሻው ደቂቃ አሸንፈው ኖሯል። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ በሩን ተደግፌ አለቀስኩ። አለቃዬ አየችኝና መጥታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታዋ ጠፋ።

«‹የለኝም› ብለሽ እኮ ነው የጻፍሽው» አለችኝ። «ጽፈሽው ቢሆን ኖሮ አንድም ጥያቄ አልጠይቅሽም ነበር። አሁንም ሂጂ፣ በሩን እኔ እይዘዋለሁ።»

ስደርስ ዝክሩን ያሰናዱት ሴቶች የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ጠርገው ጨርሰዋል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ፈቀደችልሽ? እሰይ! ጸሎቴን ሰማኝ!»

ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። ኬንት እስክንደርስ ነጠላዋን ስታጣጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

ያን ዕለት ማታ እንደ ልማዷ ለጸሎት ቆመች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። ስለ አለቃዬ የምትለው ጋ ደረሰች።

«የልጄን ልብ አራራልኝ» አለች።